ፍራንሲስ ጋልተን፦ ነጥቡን የቆጠረ፣ ፊቱን ያደበዘዘ ሰው

ስታቲስቲክስ የተማረ ሁሉ ሁለት ቃላት ሳይሰማ አያልፍም፤ አንዱ ሪግሬሽን፣ ሌላው ኮሪሌሽን ነው። ሁለቱን ሐሳቦች ለስታቲስቲክስ ያስረከበው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው። ዩጀኒክስ የሚባለውን፣ ኋላ በሕዝባችን ላይ መዓት የመጣበትን ቃል የፈጠረውም ይኸው ሰው ነው። በዚህ እትም የሕይወት ታሪኩን የምናቀርበው ልናወድሰው ብለን አይደለም፤ ረግመነው ልናልፍም አይደለም። ጋልተን ብዙ ሰዎችን በአንድ ወረቀት ላይ የሚያነባብርባቸው ሁለት መንገዶች ነበሩት። በአንደኛው መንገድ እያንዳንዱ ሰው ተቆጠረ፤ በሁለተኛው መንገድ እያንዳንዱ ሰው ጠፋ። ይህን ልዩነት ማወቅ ስለ ሌሎች በቁጥር ለምንጽፍ፣ ስለ እኛም በቁጥር ለሚጻፍብን ተማሪዎች ይጠቅመናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ቤተሰቡ

ጋልተን ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1822 በበርሚንግሃም ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ሳሙኤል ቴርቲየስ ጋልተን ባለ ባንክ ነበር። የቤተሰቡ ሀብት ግን ከባንኩ በፊት የመጣው ከጠመንጃ ሥራ ነው። አያቱ ጠመንጃ አምራች ነበር፤ ከሚሠራው መሣሪያ ከፊሉም በአፍሪካ ጠረፍ ለባሪያ ንግድ ይውል ነበር። ቤተሰቡ ጦርነትን የሚቃወመው የኩዌከሮች ማኅበር አባል ስለነበር፣ ማኅበሩ በዚሁ ንግድ ምክንያት ከአያቱ ጋር ተጣልቷል። እናቱ የታወቀው ሐኪም የኢራስመስ ዳርዊን ልጅ ናት። እሷና የቻርልስ ዳርዊን አባት በአባት የሚገናኙ እህትና ወንድም ናቸው። ስለዚህ ስለ ፍጥረታት አመጣጥ የጻፈው ታላቁ ዳርዊን ለጋልተን የአጎቱ ልጅ ነው።

ጋልተን የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበር። ታላቅ እህቱ አዴል እቤት ውስጥ ፊደል አስቆጠረችው፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላውም ማንበብ ጀመረ። ቤተሰቡ ሐኪም እንዲሆን ፈልጎ በበርሚንግሃም ሆስፒታልና በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሕክምና አስጀመረው። እሱ ግን መሀል ላይ ትቶት ሒሳብ ለመማር ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያም ከጥናት ብዛት ታመመና ያሰበውን ከፍተኛ ማዕረግ ሳያገኝ በ1844 በተራ ዲግሪ ተመረቀ። በዚያው ዓመት አባቱ ሞተ። የተወለት ውርስ ዕድሜውን ሙሉ ደመወዝ ሳይፈልግ ለመኖር የሚበቃ ነበር።

መንገደኛው

ገንዘቡን እንዳገኘ መንገድ ወጣ። በ1845 ወደ ግብፅ ተጉዞ፣ ዓባይን ተከትሎ በረሃውን አቋርጦ እስከ ካርቱም ደረሰ፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሶርያና ወደ ዮርዳኖስ ሸለቆ አለፈ። ከ1850 እስከ 1852 ደግሞ ዛሬ ናሚቢያ የምንላትን አገር እየተዘዋወረ ካርታዋን አነሳ። ለዚህ ሥራው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በ1853 ሉዊዛ በትለር የምትባል ሴት አገባ። ስለ ዘር መተላለፍ ዕድሜውን ሁሉ የጻፈው ይህ ሰው ልጅ አልወለደም።

ከናሚቢያ ጉዞው ራሱ በመጽሐፉ የተረከው አንድ ነገር ጠባዩን ያሳየናል። የአንዲት የአገሬው ሴት የሰውነት ቅርጽ አስደነቀውና መጠኑን ማወቅ ፈለገ። ቋንቋዋን አያውቅም፤ ቀርቦ መጠየቅም አልሆነለትም። ስለዚህ ርቆ ቆሞ፣ ለከዋክብትና ለመሬት መለኪያ በያዘው ሴክስታንት በሚባል መሣሪያ ለካት። ከዚያ በሒሳብ መጠኗን አወጣ። ልኬቱ በወረቀት ሰፈረ፤ የሴትዮዋ ፈቃድ ግን በታሪኩ ውስጥ የለም።

ወደ ለንደን ከተመለሰ በኋላ የማይለካው ነገር አልነበረም። ኤፕሪል 1 ቀን 1875 ታይምስ በተባለው ጋዜጣ የታተመው የአየር ጠባይ ካርታ፣ ዛሬ በየቀኑ የምናየው ዓይነት ካርታ ቀዳሚው ነው፤ ያዘጋጀውም ጋልተን ነው። በ1869 ደግሞ ታላላቅ ሰዎች ከታላላቅ ቤተሰብ እንደሚወጡ የሚከራከር መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው መጽሐፍ የሰው ዘሮችን በደረጃ አሰልፎ፣ አፍሪካውያንን ከእንግሊዞች ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠ። ለዚህ ግን አንድም ሰው ለክቶ አልነበረም። በተጓዦች ወሬና በራሱ ግምት የተሠራ ደረጃ ነው። ለካርታው በየጣቢያው የተለካ የነፋስና የሙቀት ቁጥር የሚፈልግ ሰው፣ ለሕዝብ ደረጃ ሲያወጣ ምንም ልኬት አልጠየቀም።

አተሩና ቤተሰቦቹ

ዘር እንዴት እንደሚተላለፍ ለማየት ጋልተን በመጀመሪያ የሞከረው በአበባ አተር ነው። በ1875 ዘሮቹን በሰባት የመጠን ደረጃ ለይቶ፣ በየጥቅሉ አድርጎ ለወዳጆቹ ላከ፤ ከዘሩት መካከል ዳርዊን አንዱ ነበር። ምርቱ ሲሰበሰብ የትልልቆቹ ዘር ልጆች ትልልቅ ነበሩ፤ ነገር ግን እንደ ወላጆቻቸው አልነበሩም፤ ወደ መካከለኛው መጠን ቀረብ ብለዋል። የትንንሾቹም ልጆች እንዲሁ ወደ መሀል ተመልሰዋል።

ቀጥሎ ወደ ሰው መጣ። በ1884 በለንደን በተከፈተው ዓለም አቀፍ የጤና ኤግዚቢሽን ውስጥ የሰው መለኪያ ክፍል ከፈተ። ጎብኚው ሦስት ፔኒ ከፍሎ ይገባል፤ ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ የእጁ ጉልበት፣ የትንፋሹ ኃይል፣ የዓይኑና የጆሮው ጥራት ይለካል፤ ውጤቱ የተጻፈበትን ካርድ ይዞ ይሄዳል። 9,337 ሰዎች ተለኩ። በዚያው ዓመት ቤተሰቦች የራሳቸውን ታሪክ ሞልተው እንዲልኩለት ሽልማት አዘጋጀ። ከተላኩለት መዝገቦች ውስጥ የ205 ባልና ሚስትንና የ928 ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆቻቸውን ቁመት አወጣ።

የሴቶችን ቁመት ከወንዶች ጋር ለማስተያየት በ1.08 አባዛው። ከዚያ የአባትንና የእናትን ቁመት ደምሮ ለሁለት ከፈለ፤ ይህንንም የወላጆች አማካይ ቁመት አለው። አሁን ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቁጥር አለ፤ የወላጆቹና የራሱ።

የተነባበሩ ነጥቦች

እኛ ዛሬ ይህን መረጃ ብናገኝ ኮምፒውተሩን ከፍተን በአግድሙ መስመር የወላጆችን፣ በቋሚው የልጆችን ቁመት አድርገን ነጥብ እንጥላለን። ይህ ስካተር ፕሎት የምንለው ግራፍ ነው። በጋልተን መረጃ ላይ ግን አንድ ችግር ይገጥመናል። ቁመቶቹ በአንድ ኢንች ስፋት ተከፋፍለው የተመደቡ ስለሆኑ ብዙ ልጆች አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። የወላጆቻቸው አማካይ 68.5 ኢንች ወይም 174 ሳንቲሜትር የሆነ፣ የራሳቸው ቁመት ደግሞ 69.2 ኢንች ወይም 176 ሳንቲሜትር የተመዘገበ 48 ልጆች አሉ። አርባ ስምንቱም የሚያርፉት አንድ ነጥብ ላይ ነው። በሌማት ላይ የተነባበረ እንጀራ ከላይ ለሚያየው አንድ እንጀራ ነው፤ ከሥሩ አምስት ይኑር አርባ ስምንት አይታወቅም። 928ቱን ልጆች እንዲህ ብንስላቸው የምናየው ከ100 ብዙም ያልበለጡ ነጥቦች ነው። ከ800 በላይ ልጆች በሌሎች ሥር ተሸፍነው ይቀራሉ። ከዚህም ይብሳል፤ ብቻውን የቆመው ልጅና አርባ ስምንቱ ልጆች በዓይን አንድ ያህል ይሆናሉ።

ጋልተን ያደረገው ቀላል ነገር ነው። ነጥብ አልጣለም። ወረቀቱን በሳጥን ከፋፍሎ፣ በየሳጥኑ ስንት ልጅ እንዳለ ቁጥሩን ጻፈ። 48 ባለበት 48፣ አንድ ባለበት 1። ከዚያ ቁጥሮቹ ከሳጥን ወደ ሳጥን ዝብርቅርቅ ስላሉበት፣ አራት ሳጥኖች በሚገናኙበት ማዕዘን ሁሉ የአራቱን ድምር አሰፈረ። እኩል ድምር ያለባቸውን ቦታዎች በመስመር ሲያገናኝ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ፣ መሀላቸው አንድ የሆነ ሞላላ ቅርጾች ብቅ አሉ። ሒሳቡን ሃሚልተን ዲክሰን ለሚባል የካምብሪጅ የሒሳብ ሰው ሰጠው፤ እሱም ቅርጹ በቀመር እንደሚረጋገጥ አሳየ። ልጆች ከመካከለኛው ቁመት የሚርቁት በአማካይ ወላጆቻቸው የሚርቁትን ያህል ሁለት ሦስተኛውን ነው። ሪግሬሽን፣ ማለትም ወደ አማካዩ መመለስ የተባለው ይህ ነው። ጋልተን ግኝቱን በ1885 በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ ለሳይንስ ጉባኤ አቀረበ፤ ሰንጠረዡ በ1886 ታተመ። ኮሪሌሽን የሚለውን ሐሳብም በ1888 ያወጣው ከዚሁ ሥራ ተነስቶ ነው።

ሰንጠረዡ አንድ ሌላ ነገርም ይናገራል። የወላጆቻቸው አማካይ 71.5 ኢንች ወይም 182 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ረጃጅም ሊባሉ የሚችሉ ቤተሰቦች 43 ልጆች አሏቸው። የወላጆቻቸው አማካይ 64.5 ኢንች ወይም 164 ሳንቲሜትር የሆነ፣ አጫጭር የሚባሉት ደግሞ 23 ልጆች አሏቸው። ከአጫጭሮቹ ልጆች ሁለቱ 69.2 ኢንች ላይ ተመዝግበዋል። ከረጃጅሞቹ 43 ልጆች ውስጥ 11ዱ ከእነዚህ ከሁለቱ ያንሳሉ። የሁለቱ ቡድኖች አማካይ ይለያያል፤ ልጆቹ ግን ተደራርበው ይገኛሉ። የወላጆቹን ደረጃ ብቻ አይቶ ስለ አንድ ልጅ መፍረድ እንደማይቻል ጋልተን በራሱ እጅ ጽፎ አስቀምጦታል። ይህም የሆነው በቁመት ነው፤ ማለትም በሜትር በሚለካና በግምት በማይሰጥ ነገር።

በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ ያልታየ ሌላ መነባበርም አለ። 928ቱ ልጆች ከ928 ቤት የመጡ አይደሉም፤ ከ205 ቤት ነው። ብዙ ልጅ ያለው ቤት ብዙ ጊዜ ተቆጥሯል። በሰንጠረዡ ላይ ግን እህትማማቾቹና ወንድማማቾቹ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ተበታትነው ይታያሉ።

እኛ ዛሬ የምንችለው

የጋልተን መረጃ እስከ ዛሬ ለስታቲስቲክስ መምህራን የተነባበሩ ነጥቦች ማስተማሪያ ነው። ለሴሚናር ወረቀት ግራፍ ለሚሠሩ ጓደኞቻችን የሚጠቅሙትን መንገዶች እዚህ እንዘርዝራቸው።

የመጀመሪያው ነጥቡን ማሳነስ ወይም ውስጡን ባዶ ክብ ማድረግ ነው። ነጥቦቹ የተነካኩ ብቻ ከሆነ ይሠራል፤ ፍጹም አንድ ቦታ ከወደቁ ግን አይረዳም። ሁለተኛው ቀለሙን ማሳሳት ነው፤ ብዙ በተነባበረበት ይጠቁራል። ችግሩ ጥቁረቱ ወሰን አለው። የአንዱ ነጥብ ቀለም ከሙሉው አንድ አሥረኛ ቢሆን እንኳ፣ 30 ነጥብና 48 ነጥብ የተነባበሩበት ለዓይን አንድ ዓይነት ጥቁር ናቸው። ሦስተኛው እያንዳንዱን ነጥብ ከቦታው በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ማነቃነቅ ነው። ቁጥሮቹ ወደ ሙሉ ኢንች ወይም ወደ ሙሉ ዓመት የተጠጋጉ ሲሆኑ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ንቅናቄው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እንዳያሻግር ከግማሽ እርምጃ ማነስ አለበት፤ መነቃነቁንም ለአንባቢ መንገር ግዴታ ነው።

አራተኛው የነጥቡን ስፋት በብዛቱ ልክ ማድረግ፣ ወይም ነጥቡን እንደ ሱፍ አበባ ስሎ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቅጠል መስጠት ነው። አምስተኛው፣ መረጃው በብዙ ሺህ ሲሆን፣ ወረቀቱን በትንንሽ ባለ ስድስት ማዕዘን ሳጥኖች ከፍሎ በየሳጥኑ ያለውን ብዛት በቀለም ማሳየት ነው። ይህ የመጨረሻው የጋልተን ሳጥን ራሱ ነው፤ ቁጥሩ በቀለም ተተካ እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም።

የተነባበሩ ፊቶች

ጋልተን ይህን ሰንጠረዥ በሚሠራበት ዘመን ፊቶችንም ያነባብር ነበር። ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የብዙ ሰዎችን ፎቶግራፍ በአንድ መጠን አድርጎ፣ ዓይናቸውን በአንድ መስመር አስተካክሎ፣ አንዱን በአንዱ ላይ በአንድ የፎቶ ሰሌዳ ያነሳ ነበር። ስምንት ሰዎች ከሆኑ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው የብርሃን ጊዜ አንድ ስምንተኛ ነው። የሚወጣው የማንም ያልሆነ፣ ጠርዙ የደበዘዘ አንድ ፊት ነው። ጋልተን ይህን የዓይነቱ ፊት አድርጎ ወሰደው።

መጀመሪያ የሞከረው የእስር ቤቶች ኃላፊ በሰጡት የወንጀለኞች ፎቶ ነው። የወንጀለኛ ፊት ምን እንደሚመስል ሊያገኝ ፈልጎ ነበር። ፊቶቹ ሲነባበሩ ግን ክፋት የመሰለው ነገር ሁሉ ጠፍቶ፣ ከየግለሰቦቹ ይልቅ ደህና የሚመስል ተራ ሰው ወጣ። የፈለገው የወንጀለኛ ፊት አልተገኘም።

ከዚያ ተራው የአይሁድ ልጆች ሆነ። ጆሴፍ ጄኮብስ የሚባል አይሁዳዊ ምሁር ስለ አይሁድ ዘር መልክ ያጠና ስለነበር ከጋልተን ጋር ተባበረ። በለንደን የአይሁድ ነጻ ትምህርት ቤት የሚማሩ ወንዶች ልጆች ፎቶ ተነስቶ ተነባበረ፤ ሥዕሎቹም በ1885 ታተሙ። ጋልተን የቁመቱን ግኝት በአበርዲን ያቀረበው በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱም ሰዎች በደበዘዘው ፊት ውስጥ የአይሁድን ዓይነት ያዩ መሰላቸው።

አሁን ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ከሰንጠረዡ 48 የሚለውን ቁጥር ይዘን ወደ 48 ልጆች መመለስ እንችላለን፤ ስንቶቹ ከመሀል እንደራቁ፣ ስንቶቹ ከሌላው ረድፍ ጋር እንደተደባለቁ እናያለን። ከፎቶው ግን ወደ ማንም መመለስ አይቻልም። አፍንጫው የማን ነው፣ ዓይኑ የማን ነው፣ ከልጆቹ ማን ከማን ይለያል፤ ሥዕሉ መልስ የለውም። ልዩነታቸው ጠርዙ ላይ ያለው ብዥታ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ሰንጠረዡ ብዛትንም ልዩነትንም ጠበቀ፤ ፎቶው አማካዩን ሰው አስመስሎ አቆመ።

መጨረሻውና ከእሱ በኋላ

ጋልተን የተከተለው ሁለተኛውን መንገድ ነው። በ1883 ዩጀኒክስ የሚለውን ቃል ፈጠረ። ትርጉሙ የተሻሉ የሚባሉት ብዙ እንዲወልዱ፣ ያነሱ የሚባሉት እንዳይበዙ ማድረግ ነው። በ1892 ስለ ጣት አሻራ መጽሐፍ አሳተመ፤ የአንዱ ሰው አሻራ ከሌላው እንደማይገጥም ያስረዳው ይህ ሥራ ለፖሊስ አሠራር መሠረት ሆነ። ሰው ሁሉ በጣቱ ጫፍ እንኳ እንደሚለያይ ያወቀው ሰው፣ ሕዝቦችን በጅምላ መመደቡን አልተወም። በ1904 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ለዩጀኒክስ ምርምር ገንዘብ ሰጠ፤ በ1909 ሰር የሚል ማዕረግ አገኘ፤ ጃንዋሪ 17 ቀን 1911 በ88 ዓመቱ ሞተ። በኑዛዜው የዩጀኒክስ ፕሮፌሰር ወንበር እንዲቋቋም ሀብቱን ተወ። የመጀመሪያው ባለ ወንበር ካርል ፒርሰን ነው፤ ዛሬ የኮሪሌሽን ቀመር በስሙ የሚጠራው ማለት ነው።

ፒርሰን በ1925 ከሥራ ባልደረባው ከማርጋሬት ሙል ጋር ከሩሲያና ከፖላንድ ስለመጡ አይሁድ ልጆች ጥናት አሳተመ። ልጆቹ በለንደን የሚማሩ የስደተኛ ልጆች ነበሩ። ጥናቱ በአማካይ ከአገሬው ልጆች ያንሳሉ ብሎ ደምድሞ የአይሁድን ስደት ለመቃወም ዋለ። በአማካይ የምትለዋ ቃል የልጆቹን መደራረብ ሁሉ ሸፈነችው። በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት ሰዎችን በግድ የሚያመክን ሕግ ያወጣው በ1907 ነበር። በጀርመን ናዚዎች በ1933 ተመሳሳይ ሕግ ደነገጉ፤ ከዚያ የተከተለውን ሕዝባችን በደሙ ያውቀዋል። ጋልተን ይህን አላየም፤ ከሞተ 22 ዓመት ሆኖት ነበር። ቃሉንና የሳይንስ ልብሱን ያቀበለው ግን እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን በ2020 ስሙን ከንግግር አዳራሹ ላይ አንስቷል።

ቀመሩ ግን ከእኛ ጋር ነው፤ በየፈተናውም እንጠቀምበታለን። ስለዚህ ከሰውዬው መውሰድ ያለብንን መርጠን እንውሰድ። ስለ ኢትዮጵያ ተወላጆች የተጻፈ ጥናት ስናነብ ብዙ ጊዜ የምንገኘው በአንድ ረድፍ፣ በአንድ አማካይ ነው። በ1984 በሱዳን በኩል የመጣው፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጣው፣ እዚሁ የተወለደው፣ አማርኛ ተናጋሪውና ትግርኛ ተናጋሪው በዚያ አንድ ቁጥር ውስጥ ተነባብረዋል። አማካይ መጻፉ ነውር የለውም፤ ብቻውን መቆሙ ነው ጥፋቱ። ከዚያ ነጥብ ሥር ስንት ሰው አለ? ምን ያህል ተራርቀዋል? ከሌላው ቡድን ጋር ምን ያህል ይደራረባሉ? ከስንት ቤት የመጡ ናቸው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች መምህሩንም፣ አጥኚውንም፣ ጋዜጠኛውንም መጠየቅ ይገባናል።

የራሳችሁን ግራፍ የምትሠሩ ጓደኞቻችንም ከአራቱ ጥያቄዎች አታምልጡ። ነጥቦቻችሁ የተነባበሩ እንደሆነ ከላይ ካነሳናቸው መንገዶች አንዱን ተጠቀሙ፤ የትኛውን እንደተጠቀማችሁና የሰዎቹን ብዛት ከግራፉ ሥር ጻፉ።